ካሜራው መጀመሪያ አዴት ይምጣ

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

የአየር ማረፊያዎቻችን በሮች በዓይን አሻራ ቢከፈቱ ምን ያህል እንደሚበጅ የሚያትተውን፣ በቅርቡ በጋዜጣችሁ የወጣውን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሁለተኛውን ጊዜ መነጽሬን ወልውዬ ነው። ጸሐፊው ዓይን አይዋሽም ባይ ናቸው። እኔ ደግሞ ከሠላሳ ዓመት በላይ በጎጃም ጤና ጣቢያዎችና በቀዶ ሕክምና ዘመቻዎች የሰው ዓይን ቆብ ስገለብጥ የኖርኩ፣ አሁን ባሕር ዳር ተቀምጬ ጡረታዬን የምበላ የዓይን ነርስ ነኝ። (ገጠር ላይ ሁላችንንም "ዶክተር" ይሉናል፤ አይደለሁም እያልኩ ሠላሳ ዓመቱ አለቀ።) ዓይን እንደማይዋሽ እኔም እመሰክራለሁ። ግን ይታመማል። ከጽሑፉ ውስጥ ያጣሁት ይህንን ነው።

ቴክኖሎጂውን ለማጣጣል አልተነሣሁም። እንዲያውም ከእኛው ሙያ የወጣ ነውና በዘመድ ዓይን ነው የማየው። የዓይን አሻራ በተባለው በአይሪስ መልክ ሰውን ከሰው መለየት ይቻላል ብለው እ.ኤ.አ. በ1987 የፈጠራ መብት ያወጡት ሊዮናርድ ፍሎምና አራን ሳፊር የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን የዓይን ሐኪሞች ናቸው። ሲመረምሩ ሲውሉ የአንዱ ታካሚ አይሪስ የሌላውን እንደማይመስል ያዩ ሰዎች ናቸው። ሐሳቡን ወደ ሒሳብ የለወጠላቸው የኬምብሪጅ ዩኒቨርሲቲው ጆን ዳውግማን ሲሆን፣ እርሱም እ.ኤ.አ. በ1994 የራሱን የፈጠራ መብት አገኘ።

አይሪስ በጥቁሩ ብሌን ዙሪያ ያለው ቀለማም ክብ ነው። ብርሃን ሲበዛ ብሌኑን ያጠባል፣ ሲጨልም ያሰፋል። ከሩቅ ለሚያየው ቡናማ ቀለበት ብቻ ነው። አጉልቶ በሚያሳየው የምርመራ መሣሪያ ላየው ሰው ግን ከአውሮፕላን መስኮት ቁልቁል የሚታይ የይልማና ዴንሳ ማሳ ይመስላል፤ ትልሙ፣ ድንበሩ፣ ቦዩ፣ እዚህም እዚያም ጉድጓዱ። ይህ መልክ ሕፃኑ ከመወለዱ በፊት፣ በስምንተኛው ወር ገደማ ተሠርቶ ያልቃል። መንትዮች እንኳ አይጋሩትም። የአንድ ሰው ቀኝና ግራ ዓይንም የተለያዩ ናቸው።

የእኛ ዓይነቱ ጥቁር ቡናማ ዓይን በተራ ካሜራ ቢነሣ ይህ ሁሉ በቀለሙ ሥር ተደብቆ ይቀራል። ስለዚህ መሣሪያው ከቀይ አለፍ ያለ፣ ዓይናችን የማያየው ኢንፍራሬድ ብርሃን ያበራል። በዚያ ብርሃን ሜላኒን የተባለው ማቅለሚያ እንደ ነጠላ ይሳሳና ከሥሩ ያለው ጥለት ብቅ ይላል። ኮምፒውተሩ ጥለቱን ወደ 2,048 ዜሮና አንድ ይለውጠዋል። የሁለት ሰዎች ኮድ ሲነጻጸር ሳንቲም ወርውሮ ዘውድና ጎፈር እንደማለት ነው፤ ግማሹ ይገጥማል፣ ግማሹ አይገጥምም። የአንዱ ሰው ኮድ ግን ዛሬም ተነሣ የዛሬ ዓመት ልዩነቱ ጥቂት ነው። ከሦስት እጁ አንዱ እንኳ ካልተለያየ ሰውየው ራሱ ነው ይባላል። ጎረቤቶቼ "ዓይን ያጠፋል ወይ?" እያሉ ይጠይቁኛል። አያጠፋም፤ ፎቶ ነው። ወደ ዓይን ውስጥ ዘልቆ የኋላውን ግድግዳ፣ ሬቲናን፣ የሚያነብ ሌላ መሣሪያ አለ፤ ሰዎች ሁለቱን ያምታታሉ።

አይዋሽም የተባለው እውነት መሆኑን ያወቅሁት ከቤቴ አጥር ማዶ ነው። የጎረቤቴ ልጅ ለቤት ሠራተኝነት ወደ አንድ የዓረብ አገር ሄዳ፣ የመኖሪያ ፈቃዷ አልፎ ተባርራ ተመለሰች። ዓመት ሳይሞላ ደላላው ስሟንና የልደት ዘመኗን ለውጦ በአዲስ ፓስፖርት መልሶ ሰደዳት። ከአውሮፕላን ወርዳ ካሜራው ፊት እንደ ቆመች፣ ፓስፖርቱ ላይ ባለው ስም ሳይሆን እናቷ ባወጣችላት ስም ጠሯት። በመጣችበት ተመለሰች። የተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስን የመሰሉ አገሮች ያባረሩትን ሰው ዓይን መዝግበው በአየር፣ በየብስና በባሕር በሮቻቸው ማመሳከር ከጀመሩ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። እናቷ ግን ይህን ሁሉ አስረድቻቸውም አልተቀበሉኝም። "ዓይን በልቷት ነው" ይላሉ እስከ ዛሬ። አንድ ነገራቸው እኮ ልክ ነው፤ ያስመለሳት ዓይን ነው።

ከዚያ ወዲህ አንድ ወጣት እሠራበት ወደነበረው ክሊኒክ መጣና ብሌን የሚያሰፋውን ጠብታ ሽጥልኝ አለኝ። ያ ጠብታ የዓይንን ውስጥ ለመመርመር የምንጠቀምበት እንጂ የሚሸጥ አይደለም። ማን አዘዘልህ ብለው ዓይኑን በጨው አጥቦ "ደላላዬ" አለኝ። ብሌን ከመጠን በላይ ሲሰፋ አይሪስ ወደ ጥግ እንደተሰበሰበ መጋረጃ ይጨመቃል፤ ጥለቱ አይነበብም። ዘዴው ያለ ምክንያት አልተፈጠረም፤ ኤምሬትስ ውስጥ የተባረሩ ሰዎች ይህንኑ ጠብታ አድርገው ለማለፍ ሞክረዋል። መሣሪያውም ከልኩ በላይ የሰፋ ብሌን ሲያይ እንዳይቀበል ተደርጎ ተስተካክሏል። ይህንን ለልጁ ነገርኩት። እኔን ሳይሆን ደላላውን ያመነ መሰለኝ።

ስለዚህ መሣሪያው ብልህ ነው። ጥያቄዬ የት በር ላይ ይተከል የሚለው ነው፤ አየር ማረፊያ አንድ በር ብቻ የለውምና። ጽሑፉ የተጓዡን በርና የሠራተኛውን በር አንድ ላይ ቀይጧቸዋል።

የሠራተኛው በር ሻንጣ ጫኙ፣ ጽዳቱ፣ ነዳጅ ሞዪው፣ መካኒኩና ጥበቃው ወደ አውሮፕላኑ የሚጠጉበት ነው። ተጓዡ ቀበቶውን ፈትቶ፣ ጫማውን በእጁ ይዞ በባዶ እግሩ ሲፈተሽ እመለከታለሁ፤ የኋላው በር ግን በደረት ላይ በተንጠለጠለች ባጅ ይከፈታል። ስሙን በማልጠቅሰው አንድ የአገር ውስጥ አየር ማረፊያ አንድ ታካሚ አጅቤ ስጠብቅ፣ አንድ ሠራተኛ ባጁን ከአንገቱ አውልቆ በአጥር ቀዳዳ ለጓደኛው ሲያቀብል በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ። ክፋት አልነበረበትም፤ ጓደኛው ባጁን ቤት ረስቶ ነው፣ ደመወዙ እንዳይቆረጥ ነው። እንዲህ ላለው በር ከአይሪስ የሚሻል አላውቅም። ባጅን ማዋስ ይቻላል፣ የምስጢር ቁጥርን በጆሮ ሹክ ማለት ይቻላል፤ ዓይንን ግን አውጥቶ ማዋስ አይቻልም። (ፊልም ላይ እንደሚደረገው የወጣ ዓይንም አያገለግልም፤ የሞተ ዓይን ብርሃን ሲበራበት ብሌኑ አይጠብም፣ ከአይሪሱ ፊት ያለው ጥርት ያለ ሽፋን፣ መስተዋቱም፣ ውሎ ሳያድር ይደበዝዛል።) የጣት አሻራስ ለሚለኝ፣ ሻንጣ ሲጭን የሚውል፣ በበረኪና ወለል ሲፈትግ የሚውል ሰው ጣቱን አሳይቼው ነበር። ሞፈር የጨበጠ እጅ ምን እንደሚመስል የጎጃም ሰው አይጠፋውም። አይሪስ ግን በጠራ መስተዋት ተሸፍኖ ከሥራም ከአቧራም ተጠብቆ ይኖራል። ካናዳ ለአየር ማረፊያ ሠራተኞቿ የምትሰጠው የተከለከለ አካባቢ መግቢያ ካርድ የጣት አሻራንም አይሪስንም አጣምሮ ይጠቀማል፤ አንዱ ቢያስቸግር ሌላው አለ።

ደግሞ የሠራተኛው ቁጥር የታወቀ ነው። ተረጋግቶ ይመዘገባል፣ ዓይኑን ቢታመም አለቃው ያውቃል፣ ከቀዶ ሕክምና በኋላ እንደገና ይነሣል። በሩ አልከፍት ቢለው እንኳ ሥራ ይዘገይ ይሆናል እንጂ አውሮፕላን አያመልጠውም።

እዚህ ላይ አንድ የምሠጋው ነገር አለኝ፤ ሥጋቴም ከማሽኑ ሳይሆን ከእኛ ጨዋነት ነው። ማሽኑ የአንዱን ዓይን አንብቦ በሩን ሲከፍት፣ ያ ሰው በሩን ይዞ ከኋላው ያለውን "ይቅደሙ" ሳይል የሚገባ ይመስላችኋል? ያኛውም "ኧረ በሞቴ፣ እርስዎ ይግቡ" ይላል። በሞቴ ሲባባሉ አራት ሰው በአንድ ዓይን ገባ ማለት ነው። የበሩ መግዣ ሲሰላ አንድ ሰው ብቻ የሚያሳልፍ የሚሽከረከር በርም አብሮ ይሰላ። ለታላቁ በሩን አለመያዝ ነውር እንዳልሆነም ለሠራተኛው በግልጽ ይነገረው፤ ይህ ከማሽኑ የበለጠ ጊዜ ይወስዳል።

አሁን ወደ ተጓዡ በር ልምጣ፤ እዚህ ላይ ነው የምከራከረው።

አካባቢያችን በዓለም ላይ ትራኮማ እጅግ ከበረታባቸው ቦታዎች አንዱ ነው። ማዝ የምንለው ይህ ተላላፊ የዓይን በሽታ ሰው ሕፃን ሳለ ይጀምራል፤ ደጋግሞ ይመለሳል፤ የቆቡን የውስጥ ገጽ ያቆስላል። ቁስሉ ሲጠግግ ይኮማተርና ቆቡን ወደ ውስጥ ይቀለብሰዋል፣ ሽፋሽፍቱም በእያንዳንዱ እርግብግቢት መስተዋቱን ይፍቃል። የዓይን ፀጉር የምንለው ይህ ነው። ከወንዶች ይልቅ ሴቶችን ይጎዳል፤ ልጅ ታቅፋ የምትውለው እርሷ ናትና። ወረንጦዋን በአንገት ክሯ አንጠልጥላ፣ በየሳምንቱ ለጎረቤቷ እየሰጠች ፀጉሩን የምታስነቅል እናት ስንቷን አይቻለሁ። የተነቀለው ደግሞ ተመልሶ ይበቅላል። በመጨረሻ መስተዋቱ ላይ ነጭ ጠባሳ ይጥላል።

አንባቢ ልብ እንዲልልኝ የምፈልገው እዚህ ላይ ነው። መስተዋቱ ከአይሪስ ፊት ለፊት ነው። ጠባሳ ከጣለበት ካሜራው አይሪሱን ማየት አይችልም፤ ጭቃ በተለጠፈበት መስኮት ቤት ውስጥ ማየት እንደማይቻለው ሁሉ። ሞራ ግን ከአይሪስ በስተኋላ ባለው ሌንስ ላይ ነው የሚያድረው። በሞራ ሁለት ዓይኑ የጠፋ፣ ልጅ በምርኩዝ የሚመራው ሽማግሌ ካሜራው ፊት ቢቀርብ "ይግቡ" ይባላል። በአንድ ዓይኗ መርፌ የምትሰካ፣ ነገር ግን መስተዋቷ የተጠባበሰ እናት ደግሞ ትመለሳለች። ማሽኑ የሚያየውንና የማያየውን ሰው አይለይም፤ ግዴታውም አይደለም። በሩ ላይ የሚቆመው ወጣት ግን ይህንን ካላወቀ እናቲቱን አጭበርባሪ ያደርጋታል። ሌላም አለ። በድሮው አሠራር ሞራ የተገፈፈላቸው አንዳንድ ሰዎች ብሌናቸው ክብነቱን አጥቶ የቁልፍ ቀዳዳ መስሎ ቀርቷል። ሶፍትዌሩ ክብ ነው የሚፈልገው። የቁልፍ ቀዳዳ ያለው ዓይን በር አይከፍትም ማለት ነው፤ ይህ ቢያስቀኝ አትፍረዱብኝ።

ይህን ሁሉ ከመጽሐፍ አላመጣሁትም። አማቴን ለአንድ ጉዳይ ዓይን ወደሚነሣበት አንድ ጽሕፈት ቤት ይዣቸው ሄጄ ነበር። ሰባ ዓመት አልፏቸዋል፤ በግራ ዓይናቸው ጠባሳ አለ፣ ቀኙ ሁለት ጊዜ የፀጉር ቀዶ ሕክምና ተደርጎለታል። ልጁ ትሑት ነው፤ "እማማ፣ ዓይንዎን ከፈት ያድርጉልኝ" አላቸው። ከፈቱ። "ትንሽ ይጨምሩ።" ጨመሩ። አምስት ጊዜ። ከዚያ በጣቱ ቆባቸውን ወደ ላይ ሊስብ ሲጠጋ እጁን ያዝኩት፤ ባልታጠበ እጅ ቆብ ሲነካ ዝም ብዬ ማየት አልችልም፣ የሙያ በሽታ ነው። አማቴ ተቀምጠው ሳለ እንዲህ አሉት፦ "ልጄ፣ የተከፈተው ይኸው ነው። ይህ ዓይን ለእኔም አልሆነኝ፤ ለእናንተ ከየት ይሆናል?" ከኋላ የተሰለፈው ሰው መጀመሪያ ሳቀ፣ ቀጥሎ ዝም አለ። ከአንድ ሰዓት በኋላ አንዲት ኃላፊ መጥታ፣ እንዲህ ላለው ሰው ዓይኑን መዝለል እንደሚቻል ለልጁ ነገረችው። ሁለተኛ መንገድ ነበረ ማለት ነው። ያ ልጅ ግን አያውቀውም ነበር።

አሁን ያንን አንድ ሰዓት አየር ማረፊያ ላይ አድርጉት። ከባሕር ዳሩ ደጃዝማች በላይ ዘለቀ አየር ማረፊያ ወደ አዲስ አበባ የሚበሩት ባለ ቦርሳዎቹ ብቻ አይደሉም። መንገዱ በማያስተማምንበት በዚህ ጊዜ፣ ለኩላሊት፣ ለልብ፣ ለካንሰር ሕክምና የሚሄድ ገበሬ ጊደሩን ሸጦ ትኬት ይቆርጣል። ብዙዎቹ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚበሩ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ናቸው። ማሽኑ የማያነባቸውም በአብዛኛው እነርሱው ይሆናሉ። ማሽኑ የሚያነበውን ብቻ የሚያሳልፍ በር፣ ሳያስበው ድሃውንና አሮጊቷን ለይቶ የሚያስቀር በር ይሆናል።

ተጓዥን በአይሪስ ማሳለፍ ከጀመሩት አገሮች አንዳንዶቹ በግድ አልጀመሩትም። የአምስተርዳሙ ስኪፖል አየር ማረፊያ እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ ያስገባው አሠራር ወድደውና ከፍለው ለተመዘገቡ ተመላላሾች ነበር፤ የዓይን ኮዳቸውም በኪሳቸው በያዙት ካርድ ላይ ነበር የሚቀመጠው። እንግሊዝ በአየር ማረፊያዎቿ የዘረጋችውን የአይሪስ መተላለፊያ እ.ኤ.አ. በ2013 ዘግታዋለች። ከሀብታሞቹ አንዷ ተክላ የነቀለችውን እኛ ከተጓዡ በር እንድንጀምር የሚያስቸኩለን ምንድን ነው?

ኮዱ በካርድ ላይ መቀመጡን ወድጄዋለሁ። ለፋይዳ መታወቂያ የጣት አሻራችንን፣ ፊታችንንና ሁለት ዓይናችንን አስመዝግበናል፤ እርሱ በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የተቋቋመ ሥርዓት ነው። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅም በ2016 ዓ.ም. በቁጥር 1321 ወጥቷል። የአየር ማረፊያ በር ደግሞ ሌላ መዝገብ ይፈልጋል ከተባለ፣ የሠራተኛው ኮድ በራሱ ባጅ ላይ ይቀመጥ፤ ሥራ ሲለቅ ባጁ ይቆረጥ፣ አብሮት ይጥፋ። የምስጢር ቁጥር ቢሰረቅብኝ ባንክ ሄጄ አስለውጣለሁ። የዓይኔ ኮድ ቢሰረቅ ግን ማን ጋር እሄዳለሁ? በሠላሳ ዓመት አገልግሎቴ አይሪስ የተቀየረለት ሰው አላጋጠመኝም።

ይህን ሁሉ የምጽፈው መሣሪያውን የሚመርጡ ሰዎች ምናልባት ጋዜጣችሁን ያነቡ ይሆናል ብዬ ነው። ሻጩ ሲያሳያቸው ካሜራው የራሱን የሻጩን ዓይን ያነባል፤ ቀጥሎ የእነርሱን ያነባል፤ ሁሉም ይደሰታል። ውል ከመፈረማቸው በፊት ግን አንዱን መሣሪያ በመኪና ጭነው ከባሕር ዳር እስከ ይልማና ዴንሳዋ ከተማ አዴት ድረስ ያምጡት። በገበያ ቀን ይሁን። በሬ ሊሸጥ የመጣውን፣ ጌሾ ይዛ የተቀመጠችውን፣ ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱትን መነኩሲት አንድ በአንድ ያንብብና ስንቱን እንደሳተ ይቁጠሩ። ፀሐይ በቀጥታ ካሜራው ላይ ካረፈች ብልጭታው ንባቡን ያበላሻል፤ ሻጩ ያንን ምክንያት እንዳያደርግ ድንኳኑን እኔ አስተክላለሁ። ለእናቶቹ መቀመጫም አመጣለሁ። የእጅ መታጠቢያ ውኃና ሳሙና ግን እነርሱ ይዘው ይምጡ፤ ቆብ ሳይነኩ እንደማይቀሩ አውቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር
ጡረተኛ የዓይን ነርስ
ከባሕር ዳር